የመንዝ ባና፦ ለገበያ ወይስ ለትልቅ መደብር?

ሸማኔው ባናውን፣ ማለትም የበግ ሱፍ ብርድ ልብሱን፣ በመንዝዋ መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ሲያወጣ ገዢዋ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። ሳሳ ያለ ቦታ ካየች "ይሄማ ብርድ ያስገባል" ብላ ትመልሳለች። ብሩ ግን እዚያው እጅ በእጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንድ ብቻ ሸጦ መመለስም አለ፣ አይካድም።

የአዲስ አበባ ትልቅ መደብር በብዛት ያዛል። ደስ ይላል። ዋጋ ቆራጩ ግን እሱ ነው፤ ክፍያውም በዱቤ። ሸማኔው ከየት ያምጣው? ድሩን ያሳሳል፣ የመንዝ በግ ሱፍ ላይ ሰው ሠራሽ ክር ይቀላቅላል። አንዱን ከመደብር ገዝቼ በሁለት እጥበት ወንፊት ሆነብኝ። እኔ የገበያውን እመርጣለሁ። ትንሽ ይኮሰኩሳል እንጂ የደብረ ብርሃንን ሌሊት ያሳልፋል።