ቪቢ 6፣ ቪቢ ዶት ኔት ወይስ ሲ ሻርፕ? ለሱቅ ፕሮግራም ከመክፈላችሁ በፊት

ለሱቅ፣ ለፋርማሲ ወይም ለመጋዘን ፕሮግራም ሊያሠሩ ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። ሁለት ሰው ዋጋ ሰጥቷቸዋል። የአንዱ ርካሽ ነው፣ ቪዥዋል ቤዚክ (ባጭሩ ቪቢ) በሚባል የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተሠራ። የሌላው ወደድ ይላል፣ ሲ ሻርፕ በሚባል ሌላ የማይክሮሶፍት ቋንቋ የተሠራ። «ሁለቱም ይሸጣል፣ ስቶክ ይቆጥራል፣ ሪፖርት ያወጣል። ታዲያ ለምን ብዬ ብዙ ልክፈል?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ሲ ሻርፑን ውሰዱ። ምክንያቴም ገንዘባችሁ ነው።

መጀመሪያ ሻጩን የትኛው ቪቢ እንደሆነ ጠይቁት፦ አሮጌው ቪቢ 6 ነው ወይስ እሱን የተካው ቪቢ ዶት ኔት? ቪቢ 6 ከሆነ በ1998 የወጣ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ማይክሮሶፍት ፕሮግራሙ የሚጻፍበትን መሣሪያ መደገፍ በኤፕሪል 2008 ጨርሶ አቁሟል። ሻጮች «ዊንዶውስ 11 ላይም ይሠራል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡት ዋና ዋናዎቹ ፋይሎች ብቻ ናቸው። የዕቃ ዝርዝሩንና በመስኮቱ አናት ላይ ያሉትን ቁልፎች የሚያሳዩት ኦሲኤክስ የሚባሉት ፋይሎች ከፕሮግራሙ ጋር መጫን አለባቸው።

ጣጣው የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ፎርማት የተደረገ ቀን ነው። ፕሮግራሙን ስትከፍቱት «ኤምኤስኮምሲቲኤል የሚባለው ፋይል የለም ወይም አልተመዘገበም» ብሎ ይዘጋል። ሲዲው ጠፍቷል። ሻጩ ስልክ አያነሳም። የሠፈር ቴክኒሻን ይጠራል። እሱም ፋይሉን ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ ይጭናል። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ ከፋይሉ ጋር ቫይረስ ይገባና ፍላሹን ሁሉ ያዳርሳል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ብዙ ጊዜ እጄ ላይ ይመጣሉ። ውስጣቸው ክራክ የተደረገ ቪቢ፣ ከሌላ ሱቅ የተገለበጠ ፕሮግራም አገኛለሁ። የሪፖርቱ ራስጌ ላይ የሌላ ነጋዴ ስም ሳይጠፋ የቀረበትም አለ።

ዳታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አክሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ (የመረጃ ማስቀመጫ) ውስጥ ነው። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ከዚያ የሚብሰው ግን መብራቱ ነው። ሽያጭ እየተመዘገበ ድንገት መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ባክአፕ ከሌለ የወሩን ሽያጭ ከደረሰኝ ላይ እንደገና መልቀም ነው።

አማርኛውስ? የቪቢ 6 መደበኛ የመጻፊያ ሳጥኖች ዩኒኮድ፣ ማለትም አማርኛን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አያሳዩም። «በርበሬ» ብላችሁ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። በዚህ ምክንያት የድሮ ፕሮግራመሮች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ይሸውዱታል። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ወደ ኤክሴል ስታወጡት ወይም ወደ አዲስ ፕሮግራም ስታዛውሩት የዕቃው ስም ሁሉ አይነበብም። ያኔ ወይ ሰው ቀጥሮ እንደ አዲስ ማስጻፍ ነው፣ ወይ የሚቀይርላችሁን ባለሙያ ፈልጎ መክፈል።

እስቲ እናስላው። ርካሹ 25 ሺህ፣ ውዱ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። 35 ሺህ አተረፋችሁ። ቴክኒሻኑ በመጣ ቁጥር 2 ሺህ ብትከፍሉና በዓመት አራቴ ቢመጣ፣ በሦስት ዓመት 24 ሺህ ሄደ። የዕቃ ስም እንደገና ለማስጻፍ 10 ሺህ ጨምሩ። አተረፍኩ ካላችሁት ገንዘብ የቀረው 1 ሺህ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያንኑ የ60 ሺሁን ፕሮግራም ትገዛላችሁ፤ ያውም ያን ጊዜ በሚጠራው ዋጋ።

ቪቢ ዶት ኔት ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ሲ ሻርፕ ሁሉ ዶት ኔት በሚባለው የማይክሮሶፍት መሠረት ላይ ይሠራል። ከላይ ያማረርኩበት ነገር አብዛኛው እሱን አይመለከተውም። አማርኛውን በደንብ ይይዛል፣ ዛሬም ድጋፍ አለው። የሚያስቆጨኝም ለዚህ ነው። ጥሩ ቋንቋ ነው፤ ብዙዎቻችን ኮድ መጻፍ የጀመርነው በቪቢ ነው። ማይክሮሶፍት ግን በማርች 2020 ቋንቋውን ከዚህ በላይ እንደማያሳድገው በይፋ ተናገረ። የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበት ማዊ ቪቢን አይደግፍም። ድረ ገጽ የሚሠራበት ብሌዘርም እንደዚያው። ከቪቢ 6 ወደ ዶት ኔት የሚያሻግረውን መሣሪያ እንኳ ከ2010ሩ ቪዥዋል ስቱዲዮ (ኮድ የሚጻፍበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ጀምሮ አስወግዶታል። ቋንቋውን አምኖ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ኮድ የጻፈበትን ሰው እንዲህ መንገድ ላይ መተው ልክ አይደለም።

ለገዢ ይህ ምን ማለት ነው? ዛሬ የምትፈልጉት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገ ግን የቀኑን ሽያጭ ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ ማየት ትፈልጋላችሁ። ሲ ሻርፕ ከሆነ ያው ፕሮግራመር በያዘው ኮድ ላይ ይቀጥላል። ቪቢ ከሆነ የስልኩን መተግበሪያ በሌላ ቋንቋ ያሠራችኋል፤ ሌላ ዋጋም ይጠራል። በእጃችሁ የሚሠራ የቪቢ ዶት ኔት ፕሮግራም ካለ ግን አትጣሉት። አዲስ ስታሠሩ ነው ሲ ሻርፕ የምላችሁ።

«የሲ ሻርፕ ላይሰንስ ውድ ስለሆነ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን አትስሙት። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ለግል ሠራተኛ ነፃ ነው። እስከ 5 ሰው ለሚጠቀምበት ትንሽ ድርጅትም ነፃ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባለው ዳታቤዝም አይከፈልበትም። የምትከፍሉት ለሰውየው ሥራ ነው።

ፕሮግራመሩ ውጭ አገር ቢሄድስ? ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ጽሑፍ) ከሌለ የቪቢ 6ን ፕሮግራም እንደነበረ የሚመልስ መሣሪያ አላየሁም። የዶት ኔቱን ግን አይኤልስፓይ በሚባል ነፃ መሣሪያ መክፈት ይቻላል። ሆን ተብሎ ካልተቆለፈ በስተቀር ፕሮግራመሩ ኮዱ ውስጥ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ቢጠፉም አሠራሩ ይነበባል። በቪቢ የተጻፈውን እንኳ በሲ ሻርፕ አድርጎ ያወጣዋል።

ያም ሆኖ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሶርስ ኮዱን ተቀበሉ። ሻጩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ያስነሳላችሁ። ቀኑንም ፈትኑ። ዶት ኔት ውስጥ የዕብራይስጥ፣ የሂጅራና የፋርስ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የእኛ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በራሱ ያሰላዋል፣ ብዙዎቹም ይስታሉ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ መቀበል አለበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን አስገቡ፤ እምቢ ማለት አለበት። ሁለቱን ካላለፈ እስኪያስተካክለው ድረስ ቀሪውን ገንዘብ አትስጡ።