ዩቨርዥን በጭንቀት ሰዓት፦ የጸሎት ዝርዝሩን ያዙ፣ ቀን ቆጣሪውን ተዉት

ዩቨርዥን የመጽሐፍ ቅዱስ አፕን ያወጣችው ላይፍ ቸርች የተባለችው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በስልክ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክፍያ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለውም፤ በአማርኛም ከአንድ በላይ ትርጉም ይዟል። እዚህ የምናየው ግን ስለ ነገ እያሰበ እንቅልፍ ላጣ አማኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የጸሎት ዝርዝሩ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ገብቶ "ስለ ወደፊት ሕይወቴ" ብሎ ይጽፍና ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው ጸሎት ቢመለስም አይታወቅም። ይልቅ እያንዳንዱን ስጋት ለብቻው መዝግቡት፦ የፈተናው ውጤት፣ ሊያልቅ የደረሰው የሥራ ውል፣ የሐኪሙ ቀጠሮ። አጻጻፉን ከፊልጵስዩስ 4፥6 መውሰድ ይቻላል። ጥቅሱ "በአንዳች አትጨነቁ" ብቻ አይልም፤ "በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር" ልመናችሁን አስታውቁ ይላል። ሦስት አጭር መስመር ይበቃል፦ የሚያስፈራው ነገር በስሙ፣ ከእግዚአብሔር የሚለመነው፣ እስከ ዛሬ ከተደረገው አንድ የሚመሰገንበት ነገር። ሦስተኛው ሲዘለል ዝርዝሩ ቶሎ የስጋት መዝገብ ይሆናል (ለመጻፍ የሚከብደውም እሱ ነው)።

ለጸሎቶቹ ማስታወሻ ማስያዝ ይቻላል፤ ለሁሉም ማስያዝ ግን ጥሩ አይደለም። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ጭንቀታችሁን ሲጠራባችሁ ይውላል። ለአንዱ ወይም ለሁለቱ፣ ያውም ጠዋት ላይ ይሁን። የተመለሰ ጸሎትን ምልክት ማድረጊያም አለው፤ ጉድለቱ ግን እዚሁ ላይ ነው። "እንቢ" የሚለው መልስ የት ይግባ? ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-9)፤ መውጊያው አልተነሣም። ስለዚህ ምልክቱን ከመንካት ይልቅ በጸሎቱ ሥር ቀኑንና የተለወጠውን ነገር ጻፉ፣ በሳምንት አንዴም ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንብቡ። ጸሎቱን ለወዳጅ ስታጋሩ የሌላ ሰው ሕመም ከነስሙ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

የዕለቱ ጥቅስ ያጽናናል፣ ግን ብቻውን ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ኤርምያስ 29፥11 በጣም ይወደዳል፤ ሰላምና ተስፋ ይናገራላ። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ቢነበብ ግን ተስፋው የሚፈጸመው 70 ዓመት በባቢሎን ካለፈ በኋላ እንደሆነ ይገኛል። ጥቅሱን ለሚቀጥለው ወር እንደተቆረጠ ቀጠሮ የያዘ ሰው ወሩ ሲያልፍ እምነቱ ይናወጣል። ማቴዎስ 6፥34ም እንዲሁ ነው፤ "ለነገ አትጨነቁ" ብቻውን ሲነበብ ተግሣጽ ይመስላል፣ ከቁጥር 25 ጀምሮ ሲነበብ ግን ስለሚመግብ አባት የሚናገር ነው። ጥቅሱ ሲመጣላችሁ ምዕራፉን ክፈቱና ቢያንስ ከላዩ አሥር ቁጥር አንብቡ።

የንባብ ዕቅዶቹ በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ያነሱ ናቸው፤ አጫጭሮቹን ምረጡ። ቀን ቢያመልጣችሁ ዕቅዱን ወደፊት መግፋት ይቻላል። አፑ በተከታታይ የተከፈተባቸውን ቀኖች የሚቆጥረው ክፍል ግን ለተጨነቀ ሰው አይበጅም። የሚቆጥረው ጸሎትን ሳይሆን አፑን መክፈትን ነው፤ ቁጥሩ ሲቋረጥ ደግሞ በነበረው ጭንቀት ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨምራል።

ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ድንገተኛ ፍርሃት ልብን እየመታ ትንፋሽ ካሳጠረ ወይም ሞትን መመኘት ከመጣ አፑ አይበቃም፤ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፣ ጸሎቱም አይቋረጥም።

ሌሊት ለመጠቀም ካሰባችሁ መጽሐፉን ቀድማችሁ አውርዱት (ማውረድ የማይፈቅዱ ትርጉሞች አሉ)፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉ። አለበለዚያ ለመዝሙር 4፥8 ("በሰላም እተኛለሁ" ለሚለው) የተነሣው እጅ ዜና ላይ ያርፋል።