ጎንደር ላይ በትእዛዝ ያሠራሁት የመስታወት ቤት እና መብላት ያቆመችው እንቁራሪት

ለጥቂት ዓመታት እዚህ ጎንደር ሲያስተምሩ የቆዩ አንድ የውጭ አገር መምህር ታኅሣሥ 1 ቀን ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ይዘዋት ሊሄዱ ያልቻሉትን አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ልጄ ወዲያው ለምለም ብላ ስም አወጣችላት። ለምለም እኔ ቤት ከገባችበት ዕለት ጀምሮ 44 ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። ዛሬ የምጽፈው ይህን ችግር ለመፍታት ስል ከአራዳ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት በትእዛዝ ስላሠራሁላት መኖሪያ ነው። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ የሥራ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሥራ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ግን ምን ብሎ ማዘዝና ምን አይቶ መረከብ እንዳለበት ከዚህ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ መስታወቱ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። የለምለም ዝርያ የአውስትራሊያና የኒው ጊኒ ተወላጅ ሲሆን፣ አዋቂዋ ከ7 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች፤ በደንብ ከተያዘችም ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። ቀን ተጣብቃ ትተኛለች፣ ማታ ትነቃለች። የሚስማማት የቀን ሙቀት ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሌሊት ትንሽ ቢቀንስ አይጎዳትም። የእኛ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቅዝቃዜ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። መምህሩ የሰጡኝ ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥን ነበር፤ ንጋት ላይ ቴርሞሜትር ባስገባበት 14 ዲግሪ አሳየኝ። እንቁራሪት ሰውነቷን የምታሞቀው ከአካባቢዋ በምታገኘው ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆዷ የበላችውን መፍጨት አይችልም፤ ስለዚህም አትበላም።

ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ቤት የለወጠች እንቁራሪት አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት መጾሟ የተለመደ መሆኑን አውቅ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም አልተጨነቅሁም። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ክዳኑን እየከፈትሁ ማየቴ፣ ትሉን አፏ ድረስ እያስጠጋሁ መለመኔ ይበልጥ አስፈራት እንጂ አልጠቀማትም። ቆዳዋ ከአረንጓዴነት ወደ ጥቁር ቡናማ ተለወጠ። (ይህ ዝርያ ሲበርደው ወይም ሲጨነቅ ይጠቁራል። የቀለሙ ነገር ሳይንሱንም አሳስቶታል፤ ጆን ዋይት የተባለው ሐኪም በ1790 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው ሰማያዊ የሚል ስም የተሰጠው፣ የሞተው ናሙና ለማቆያ የተነከረበት ፈሳሽ ከአረንጓዴው ውስጥ ቢጫውን ቀለም አጥፍቶ ሰማያዊ ስላስመሰለው ነው።) በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቷ ከ46 ግራም ወደ 43 ግራም ወረደ፤ ከዓይኖቿ ኋላ ያለው ሞላ ያለ ሥጋም መሳሳት ጀመረ። ታኅሣሥ 15 ቀን በቆርቆሮ ኩባያ ይዤ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ የሚያክሙት በአብዛኛው በሬና በቅሎ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩኝም ሥራውን ቀለል አድርገው አላዩትም። እርጥብ ጓንት አድርገው ሆዷና ጭኗ በበሽታ ቀልቶ እንደሆነ አዩ፣ ኩሷን በማይክሮስኮፕ መረመሩ፣ የሚያሳስብ ጥገኛ ተውሳክ አላገኙም። ከዚያ በኋላ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «መድኃኒቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ይሙቃት።» በግድ አፏን ከፍቼ እንዳላጎርሳትም አስጠነቀቁኝ።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድሁ። በወረቀት ላይ ሥዬ የወሰድሁት መሠረቱ 45 በ45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት ነበር። የዛፍ እንቁራሪት ወደ ላይ መውጣት ስለምትወድ ቁመቱ ከስፋቱ መብለጥ አለበት። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ፣ ከመስኮትና ከበር ሌላ አልፎ አልፎ የዓሣ ገንዳ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«እትዬ፣ ለዓሣ ነው?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ለእንቁራሪት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ «በሩን በጉልበቷ ትገፋዋለች ወይ?» ብለው ነው፤ ይህ ጥያቄ በሥራቸው ላይ እምነት እንዲያድርብኝ አደረገ። በእርግጥም የእግሯ ጣቶች ጫፍ እንደ ማጣበቂያ ስለሆኑ ቀለል ያለ ተንሸራታች በር ልታንቀሳቅስ ትችላለች። እሳቸው በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት መስታወቶች ከመቆለፊያ ጋር እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስማማን። በዚህ ልክ መስታወቱ ብቻ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ የምታስቀምጡበት ጠረጴዛ ጠንካራ ይሁን። ዋጋው ለአንድ መካከለኛ መስኮት ከሚጠየቀው ብዙም አልራቀም፤ ለተደከመበት ሥራ ተገቢ ነው እላለሁ።

በብዙ የተነጋገርነው በማጣበቂያው በሲሊኮኑ ላይ ነው፤ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲያሠራ ትኩረት መስጠት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው እርጥበት እንደሚበዛ ስነግራቸው ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነውን፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ሲሊኮን መረጡ። ለመታጠቢያ ቤት ልክ ናቸው። ሆኖም ሻጋታን የሚገድለው ኬሚካል ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ሊወጣ ይችላል፤ እንቁራሪት ደግሞ ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በሆዷና በጭኗ ቆዳ በኩል ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከውሃው ጋር ወደ ሰውነቷ ይገባል። ይህን ሳስረዳቸው ሳይከራከሩ ለዓሣ ገንዳ የሚሆነውን፣ መድኃኒት ያልተጨመረበትን ሲሊኮን ገዝተው ተጠቀሙ፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቁኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልለፍ። በ5 ቀን ውስጥ ይደርሳል የተባልሁት ሥራ የደረሰልኝ ጥር 2 ቀን ነው። ምክንያቱ የጥምቀት ሰሞን መቃረቡ ነበር፤ እንግዳ የሚቀበሉት ሆቴሎች መስኮትና በር ለማደስ ሲረባረቡ የእኔ ትንሽ ሥራ ወደ ኋላ ተገፋ። የከተማችንን የጥምቀት ዝግጅት አውቃለሁ፣ አከብራለሁም፤ ነገር ግን ቀኑ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ደውሎ መንገር ያባት ነበር። ስደውል የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ «ነገ» የሚል ነበር፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ነገ የእንቁራሪቷን ክብደት እመዝን ነበር። ቤቱ በመጣ ዕለት 41 ግራም ደርሳ ነበር፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ክብደቷ ከአሥር እጅ አንዱን አጥታለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። ዕቃውን ያመጣው ወጣት ሠራተኛ «ዛሬ ማታ ልታስገቧት ትችላላችሁ» አለኝ። ከውስጥ በኩል አንገቴን አስገብቼ ሳሸተው ግን ጥጉ ሁሉ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። ይህ ዓይነት ሲሊኮን ሲደርቅ የኮምጣጤ አሲድ ይለቃል፤ ሽታው እስካለ ድረስ ውስጡ ገና አልደረቀም። ላዩን በጣት ሲነኩት የደረቀ ስለሚመስል ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። የሠራተኛውን ቃል ሰምቼ ለምለምን በዚያው ሌሊት አስገብቻት ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ማሰብ ዛሬም ይከብደኛል። በረንዳ ላይ ከፍቼ 7 ቀን አቆየሁት፤ በመካከል ሦስት ጊዜ ውሃ ሞልቼ አሳድሬ ደፋሁ። ሽታው ፈጽሞ የጠፋው በስድስተኛው ቀን ነው። ሥራ ቤቱ ይህን ለደንበኛ በወረቀት ጽፎ ቢሰጥ ምንም አያስከፍለውም።

ሦስተኛው ጉድለት ወዲያው ታረመ። ሁለቱ የበር መስታወቶች በሚደራረቡበት ቦታ ጠባብ ክፍተት ስለነበረ፣ ጥር 9 ማታ ለምለምን ካስገባኋት በኋላ ከለቀቅሁላት ፌንጣዎች ሁለቱ ሾልከው ወጥተው ከቁም ሣጥን ኋላ ሲጮኹ አደሩ። ባለሙያው በማግሥቱ፣ የከተራ ዕለት ሆኖ ሳለ፣ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው በክፍተቱ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርዝ ለጠፉበት። በዚያው መምጣታቸው እንቁራሪቷ አፍንጫዋን ከመስታወቱ ጋር ስታፋትግ አይተው፣ ለቢሮ መስኮት የሚለጠፈውን ብርሃን የሚያደበዝዝ ፕላስቲክ በሦስቱ ጎኖች ላይ ከውጭ በኩል እንድንለጥፍ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ግድግዳ መኖሩ የማይታያት እንስሳ መውጫ ያለ እየመሰላት አፍንጫዋን እስክትቆስል ትፍቃለች። ከተለጠፈ በኋላ ባለው ሌሊት መፋተጉን ተወች፤ ከቅርንጫፉ ላይ ካስቀመጥሁት ሰፊ ቅጠል ሥር ገብታም እግሮቿን ሰብስባ ተኛች።

የቤቱ ዋና ጥቅም የታየኝ ሙቀቱን ስለካ ነው። ከላይ ያለው ክዳን ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ወንፊት ሽቦ ነው፤ ቀን ከወንፊቱ በላይ፣ እንቁራሪቷ በማትደርስበት ቦታ፣ 40 ዋት የድሮ ዓይነት አምፖል ሳበራ ከላይኛው ቅርንጫፍ አካባቢ 26 ዲግሪ ይሆናል። ማታ አምፖሉን አጥፍቼ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሦስቱን ጎኖች በጋቢ እሸፍናለሁ፤ ከጋቢው ሥር ከመስታወቱ ውጭ የሞቀ ውሃ የተሞሉ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች አስቀምጣለሁ። ንጋት ላይ 19 ወይም 20 ዲግሪ አገኛለሁ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀንም በእነዚሁ ጠርሙሶች አልፈዋለሁ። ጋቢውና የበራ አምፖል ግን ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። እርጥበቱን በተመለከተ፣ በበጋው ደረቅ አየር ፕላስቲኩ ሣጥን ውሃ ረጭቼለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቅ ነበር፤ መስታወቱ ግን ማታ አንድ ጊዜ በፀጉር ቤት መርጫ ብረጭለት 60 በመቶ አካባቢ ይዞ ያድራል። የምረጨውም ሆነ የምትነከርበት የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሰፊ ሳህን ላይ ተከፍቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት የቆየ ነው።

ጥር 15 ማታ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ በደብዛዛ የእጅ ባትሪ ቀረብሁ። ቀለሟ ተመልሷል፤ ከቅርንጫፉ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች። ቀዳሜ ገበያ ማር ይዘው ከሚመጡ አንድ ንብ አናቢ በጣሳ ያገኘሁትን የሰም ትል፣ ማለትም አሮጌ የማር እንጀራ የሚበላውን ወፍራም ነጭ ትል፣ በወረንጦ ይዤ ከአፏ አንድ ጣት ያህል ርቀት ላይ ቀስ ብዬ አወዛወዝሁት። የማይንቀሳቀስ ምግብ ለእሷ ምግብ አይደለም። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የኋላ እግሯ አንድ ጣት ተንቀጠቀጠ፣ ሰውነቷ ወደ ፊት ዘንበል አለ፣ ወረንጦው በእጄ ላይ ሲነቀነቅ ብቻ መብላቷን አወቅሁ። ስትውጥ ሁለቱ ዓይኖቿ ተጨፍነው ወደ ውስጥ ሰመጡ፤ እንቁራሪት ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ የምትገፋው በዓይኖቿ ጭምር ስለሆነ ነው። ሁለተኛውን ትልም በላች፤ ሦስተኛውን ስላልፈለገች ተውኳት። ልጄ ከበሩ ላይ ቆማ ሳትተነፍስ ታይ ነበር።

የሰም ትል ቅባቱ ብዙ ስለሆነ የምግብ ፍላጎቷን ለመቀስቀስ እንጂ ለዘወትር አይሆንም። አሁን በየሁለትና ሦስት ቀኑ ፌንጣና የመሬት ትል ትበላለች፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት ካልተረጨበት ጓሮ ብቻ የተለቀመ፣ ወርዱም በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት የማይበልጥ። ያልተበላውን ፌንጣ ሌሊቱን አላሳድርባትም፤ የተኛችውን ይነክሳታልና። ቤቱን ያጠብሁበትን ውሃ በረኪና ጨምሬበት ካቆየሁ በኋላ ነው የምደፋው፤ ከውጭ የመጣች እንቁራሪት የቆዳ በሽታ ይዛ ከሆነ በቀሐ ወይም በአንገረብ ወንዝ ዳር ላሉት የእኛው እንቁራሪቶች እንዳይተላለፍ እሰጋለሁ።

በየካቲት መጨረሻ ስመዝናት 47 ግራም ሆናለች። በዚህ ልክ የሠራልኝን ሥራ ቤት ከመዘግየቱ ጋርም ቢሆን ለሌላ ሰው እጠቁማለሁ፤ ነገር ግን ከበዓል ሰሞን ራቅ አድርጋችሁ እዘዙ፣ የሲሊኮኑን ዓይነት ራሳችሁ ምረጡ፣ በሩ ላይ ያለውን ክፍተት በሥራ ቤቱ እያላችሁ ፈትሹ። አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀራል። ለክዳኑ የተጠቀሙት ወንፊት የብረት ሽቦ ኖሮ፣ ከአምፖሉ በተቃራኒ ባለው ጥግ የሚረጨው ውሃ እያገኘው መዛግ ጀምሯል። ባለሙያው በአሉሚኒየም ወንፊት ሊቀይሩልኝ ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ለዚያ ግማሽ ቀን ለምለም በድሮው የፕላስቲክ ሣጥን፣ በሞቀ ጠርሙስና በጋቢ ተከብባ ትቆያለች።