የድሮ ቪቪታር ወይስ ያገለገለ ዮንግኑዎ?

የሰርግ ወቅት በደረሰ ቁጥር ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው፤ «ቪቪታር 283 የሚባለውን የድሮ ፍላሽ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ካሜራዬ ላይ ልሰካው?» አትሰኩት። ያገለገለ ዮንግኑዎ ዋይኤን 560 ግዙ።

ዋጋውን እናስላ። ደሴ ፒያሳ አሮጌውን ቪቪታር 1,800 ብለውኝ 1,500 ድረስ ወርደዋል። ዮንግኑዎው ተከራክሬ 6,500 ነው። 5,000 ብር ያጓጓል፣ አልክድም። ቪቪታሩን ያለ ስጋት ለመጠቀም ግን ከካሜራው ላይ መውረድ አለበት። ስለዚህ የሌላ ፍላሽ ብርሃን አይቶ የሚያስነሳው ስሌቭ 900፣ ማቆሚያ 1,200፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር 1,000። 4,600 ገባ። አሁን ልዩነቱ 1,900 ብር ብቻ ነው።

ቴስተሩ ለምን? ጃፓን የተሠሩት የቀድሞዎቹ 283ዎች ካሜራው ላይ በሚሰካው እግራቸው በኩል ከ200 ቮልት በላይ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ይህ ካሜራውን ሊያበላሽ ይችላል። በኋላ ኮሪያና ቻይና የተሠሩት አብዛኞቹ 10 ቮልት አካባቢ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። ለፍላሽ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 10330፣ ወሰኑን 24 ቮልት ያደርገዋል። የኒኮን ዲጂታል ካሜራዎች መመሪያ ከ250 በላይ አይሁን ይላል፤ ካሜራችሁ ግን ይህን ይቻል አይቻል የራሱን መመሪያ እዩ። አለካኩ እንዲህ ነው፦ አዲስ ድንጋይ ይግባ፣ ፍላሹ መሙላቱን የሚያሳየው መብራት ይብራ፣ ቴስተሩ ዲሲ ከፍተኛው ላይ ይሁን፣ አንዱ ጫፍ እግሩ መሀል ያለችው ነጥብ ላይ፣ ሌላው የጎኑ ብረት ላይ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ ትታችሁ ሂዱ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ «ሁሉም ይሰካዋል» ተብሎ ሰካው። ካሜራው ዛሬም ፎቶ ያነሳል፤ ፍላሽ ግን አያስነሳም። ጠጋኙ 9,000 ብር ጠየቀው፣ ያውም ቦርዱ ከሌላ የሞተ ካሜራ እስኪገኝ ጠብቅ ብሎ። ፍላሹን ራሳችሁ ልትፈቱ ደግሞ እንዳታስቡ። ድንጋዩ ቢወጣም ካፓሲተሩ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል፤ እሱ ቀልድ አያውቅም።

ካኖን 250ዲ የያዛችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። የፍላሽ መቀመጫው መሀል ላይ ያለችው ነጥብ የለችውም፤ ቪቪታሩም ዮንግኑዎ 560ውም ላዩ ላይ አይነሱም። ሻጩ «ፍላሹ ሞቷል» ብሎ ሌላ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል፤ አትስሙት። ዮንግኑዎውን ኤስ2 (ቅድመ ብልጭታን የሚያልፈው የስሌቭ ምርጫ) ላይ አድርጉና ጎን አቁሙት፣ የካሜራው የራሱ ፍላሽ ያስነሳዋል። ተራው ስሌቭ ግን ካሜራው ከዋናው ብልጭታ በፊት በሚለቀው ቅድመ ብልጭታ ይሸወድና ቀድሞ ይተኩሳል።

ዮንግኑዎውን ስትገዙ የድንጋይ ክዳኑን ከፍታችሁ ዝጉ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ዋጋ አትከራከሩ፣ መልሱለት። ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ደጋግማችሁ አስነሱት። ተመልሶ ለመሙላት ጭራሽ እየዘገየ ከሄደ መጀመሪያ ድንጋዩን ቀይሩ፤ ከላዩ ትልቅ የአቅም ቁጥር የተጻፈበት ኮፒ ቻርጀብል ድንጋይ ገበያውን ሞልቶታል።