እማዬ ክንድ ላይ የተለጠፈው የስኳር መለኪያ

እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊንም ትወጋለች። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሐኪሟ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ ሲያዝላት ደስ ያላት ጣት መወጋቱ ስለሚቀንስላት ብቻ ነበር። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ የማማርረው ነገር አለኝና።

መለኪያው ከክንድ ጀርባ ይለጠፋል። ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ይገባል። የሚለካው ግን ደሙን አይደለም፤ በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ልዩነቱ ይሰፋል። «ይሄ ነገር ይዋሻል» የሚሉት ብዙዎቹ የገጠማቸው ይኸው ይመስለኛል። እማዬን ላብ ላብ ካላት ወይም እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ መለኪያው 120 ቢልም ጣቷን እንወጋለን።

እኔ የወደድኩት ስልኩ ላይ ከሚታየው ቁጥር ይልቅ፣ ስኳሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚጠቁመውን ቀስት ነው። 110 ሆኖ ቀስቱ ቁልቁል ከሆነ ጁሷን አጠገቧ ታስቀምጣለች። ከ70 በታች ሲወርድ የእሷም የእኔም ስልክ ይጮኻል። ከሥራ ቦታ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ ቁርስ በላሽ?»

«ደግሞ ሰላይ ቀጠርሽብኝ!»

ምግቡ ላይ ያመጣው ለውጥ ደግሞ ሌላ ነው። በጾም ሰሞን ሽሮዋን በደንብ በእንጀራ በልታ ጋደም ስትል ቀስቱ ሽቅብ ይጋልባል። እንጀራውን ቀነስ አድርጋ ሰፈሩን ዞር ዞር ስትል ግን ያን ያህል አይወጣም። እኔ ስጨቀጭቃት የኖርኩትን እሷ በገዛ ዓይኗ አየችው። አሁን ጎረቤቶቿን የምትመክረው እሷ ሆናለች፤ ያውም ሳይጠይቋት።

ማማረሬ ይኸውላችሁ። መለኪያው ባለበት ክንድ ከተኛች፣ ክንዱ ስለሚጫን ስኳሩ የወረደ መስሎ ሌሊት ይጮኻል። ማጣበቂያው በበጋ ሙቀት ይላቀቃል። አፑ አማርኛ የለውም፤ እማዬ የምታነበው ቁጥሩንና ቀስቱን ብቻ ነው። ዋጋው ከኪስ ቢሆን አንችለውም ነበር። ደግነቱ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሁሉ ሽፋኑን አስፍቷል።

አሁን አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ላኪልን» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በማርች 2024 ስቴሎ የሚባለውን ፈቅዷል። ዜናውን የሚያጋሩት ግን ግማሹን ይዘሉታል። የተፈቀደው ዕድሜው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ኢንሱሊን ለማይወጋ ሰው ነው። ስኳር ሲወርድ እንዲያስጠነቅቅም አልተሠራም። አጎቴ ኢንሱሊን ይወጋል፤ እሱን የሚያሰጋው ደግሞ መውረዱ ነው። ቢቆጣኝም አልልክለትም።

ሳይወጋ ስኳር ይለካል ተብሎ በየማስታወቂያው የሚቸበቸበው ሰዓትና ቀለበትማ ጭራሽ ሌላ ጉድ ነው። ኤፍዲኤ በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ ራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ተናግሯል። የገዛ ዘመድ ካላችሁ ሰዓት ይይበት፤ ኢንሱሊኑን ግን በእሱ ቁጥር እንዳይመጥን ንገሩት።