ላንጋኖ ላይ የጄት ስኪ ሞተር ማስቀየር፦ ማን ጋ ይኬዳል፣ ማን ይታለፋል

ላንጋኖ ዳር ጄት ስኪ (ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚነዳው) ያለው ዘመድ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። የአክስቴ ልጅ ያማሃ ዌቭረነር አለው። ሦስት ሰው ይጭናል፣ 701 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል። አንዱ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። እኔ ዱባይ ጄት ስኪ የሚያከራይ ቤት ስለምሠራ ጣጣው እኔው ላይ ወደቀ። ከሻርጃ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበቶች) ቀየርኩለት፣ በካርጎ ላክሁት። ለእረፍት ስገባ አስገጠምነው። ያስተናገዱኝን ሰዎች ስም አልጠራም። ያመሰገንኩት ወረፋ እንዳይበዛበት፣ የወቀስኩትም እንዳይቀየመኝ።

ካርጎውን በአጭሩ ልለፈው። ቤንዚኑና ዘይቱ ሙልጭ ብሎ ካልወጣ ሞተር አይጫንም። የገዛችሁበትን ደረሰኝና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ ያዙ። ዕቃውን ያወጣልኝ ትራንዚተር ሥራውን ያውቃል፣ ስልክ ማንሳት ግን አያውቅም። ሁለተኛ አልሄድበትም።

መካኒኩ ግን ሌላ ናቸው። ሻሸመኔ አካባቢ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጄት ስኪ ብዙም አልነኩም፣ ቱ ስትሮክን የተማሩት በያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል ነው። አዲሱን ሞተር ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ተዉትና የድሮውን ክዳን መፍታት ጀመሩ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አለቀለት» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ምን እንደገደለው ሳናውቅ አዲሱን ብንገጥም ያው ነገር ይገድለዋል» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ጄት ስኪ ራዲያተር የለውም። ጄት ስኪውን ለማስኬድ ፓምፑ ወደ ኋላ ከሚገፋው የሐይቅ ውሃ ጥቂቱ በሲሊንደሩ ዙሪያ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል። የላንጋኖ ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቡናማ ነው። ውስጡ ቶሎ የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር አለ። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ከውሃ መሄጃው ፍቀው ያወጡት ደለል መዳፋቸውን ሞላው። የኋላው ሲሊንደር ውሃ አጥቶ ጋለ፣ ፒስተኑ አበጠ፣ በቃ። እየነዳችሁ በጎን በኩል የምትተፋው ቀጭን ውሃ ከደከመች ወዲያው አጥፉ።

ገጠማውን ግቢው ውስጥ ካለ ግራር ሥር ሠሩት። ፓራንኮ የሚሉትን የሰንሰለት ማንሻ ቅርንጫፉ ላይ ሰቅለው ሞተሩን ቀስ ብለው አወረዱት። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ የሚገናኙበት ካፕሊንግ ቀጥ ካላለ ንዝረቱ ጎማውንም ኩሽኔታውንም ይበላዋል። ጋሼ የብረት ማስመሪያ ካፕሊንጉ ላይ አጋድመው፣ ልጃቸው ከኋላ በስልክ መብራት እንዲያበራ አደረጉ። በማስመሪያው ሥር ብርሃን ካሳለፈ ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ላሜራ ይጨምራሉ፣ ያጠብቃሉ፣ እንደገና ያያሉ። ዱባይ ይህን በዓይን ገምተው የሚያልፉ ጋራዦች አውቃለሁ። እርሳቸው ብርሃኗ እስክትጠፋ አልተነሱም።

ሌላው ጉዳይ ከፍታው ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ዱባይ፣ በባሕር ወለል ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ተነሳ፣ ግን ያጨሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ያንቃል። ጋሼ ካንዴላውን (እሳት የሚጭረውን) ፈተው አዩት፣ ጥቁርና እርጥብ ነው። የካርቡሬተሩን ማስተካከያ በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ፣ ሐይቁ ላይ እያስነዱኝ፣ ካንዴላውን እየፈቱ አዩ። ፈካ ያለ የቡና ቀለም ሲይዝ አቆሙ። «ከዚህ በላይ ቤንዚን ከቀነስን ፒስተን እናቀልጣለን» አሉ። ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ ዋጋ ዱባይ ለምርመራ ብቻ ከሚከፈለው ያንሳል። ጨምሬ ሰጠኋቸው።

የድሮውን ሲሊንደር ለመጠባበቂያ ለማሠራት ሻሸመኔ ቶርኖ ቤት ወሰድነው። 81 ሚሊ ሜትር የነበረውን ወደ 81.5 ማስፋት ነው። ባለሙያው ወጣት ነው። «ፒስተኑን አምጡና ለክቼው ነው የምቆርጠው» ብሎ መለሰን። እኔ በዚህች ቃል ብቻ አመንኩት። ሥራውም ንጹሕ ነበር።

መርካቶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዘይት ልገዛ የገባሁበት ሱቅ የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት አውጥቶ «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም! ለውሃ ላይ ሞተር የሚሆነው ቲሲ ዳብሊው 3 (TC-W3) ተብሎ የተጻፈበት ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራው አመድ ይተዋል፣ ካንዴላ ያበላሻል። ፒስተን የተቀየረለት ሞተር ደግሞ የዘይት ፓምፑ እየሠራም ቢሆን ለመጀመሪያው ታንክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይቀላቀልበታል።

ቤንዚኑም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤውን የአክስቴ ልጅ ቀድሞ አሰናድቶት ስለነበር ብዙ አልተንገላታንም።

ጄት ስኪው የሚያድርበት ሪዞርት አሳና መስተንግዶው ግሩም ነው። የጄት ስኪ አጠባቡን ግን አልወደድኩትም። ልጆቹ ሞተሩን ሳያስነሱ የውሃውን ጎማ ይከፍታሉ። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ውሃው ይከፈታል። ሲያልቅ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ከተገላበጠ ውሃው በጭስ ማውጫው ዞሮ ሲሊንደር ይገባል። ነገርኳቸው፣ ከመቆሚያው አጠገብም ጽፌ ለጠፍኩ። ከላንጋኖ በጀሪካን ቀድቶ በዚያው ማጠብም ዋጋ የለውም፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ይሁን።

አሁን የቀረው ፓምፑ ነው። ደለሉ ኢምፔለሩን (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋውን) ጠርዝ ጠርዙን በልቶታል፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እንደ በፊቱ አይገፋም። ይህን አገር ውስጥ የሚሠራ አላገኘሁም። ኢምፔለሩንና የዙሪያ ቀለበቱን ዱባይ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ለጥምቀት የሚገባና ኪሎ የተረፈው ሰው ካለ ያናግረኝ፣ ቦሌ ድረስ መጥተው ይቀበሉታል።