ቀዶ ጥገናው ይቅደም ወይስ ኬሞው?
የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ሆድ ዕቃ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፦ ቀዶ ጥገና አድርጎ ኬሞቴራፒ (ኬሞ፦ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት) ማስከተል፣ ወይም ዕጢውን በኬሞ አሳንሶ መሃል ላይ ቀዶ ጥገናውን መሥራት።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ከ600 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። አማካይ የመኖር ጊዜ (ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት) ቀዶ ጥገናው ለቀደመላቸው 29፣ ኬሞው ለቀደመላቸው 30 ወር ሆነ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቅርቡ የሞቱት ግን በቅደም ተከተል 2.5 እና 0.7 በመቶ ነበሩ።

በሁለቱም መንገድ ዕድሜን አጥብቆ የሚወስነው ለዓይን የሚታይ ዕጢ ሳይቀር መውጣቱ ነው። ስለዚህ አቅም ላላትና ዕጢዋ ተጠራርጎ ሊወጣ ለሚችል ሴት ቀዶ ጥገናው ቢቀድም፣ ሕመሙ ላዳከማት ደግሞ ኬሞው ቢቀድም እመርጣለሁ።